እርድ የነካው ነጠላ

ዘንድሮ ለገና የልጄን ጓንት ስፈልግ ከቁም ሳጥኑ ታችኛው መሳቢያ አንድ ነጠላ ወጣ። ጥለቱ ሰማያዊ ነው፤ ጫፉ ላይ መዳፍ የምታህል ቢጫ ምልክት አለችበት። እርድ ናት። እናቴ በሎሚ አሽታታለች፣ በበረኪና ዘፍዝፋታለች፣ በረንዳ ላይ ሦስት ቀን ፀሐይ አስመትታታለች፤ አለቀቀችም። ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ሆናት። ነጠላውን አፍንጫዬ ላይ አደረግሁት፤ የሸተተኝ የመሳቢያው እንጨት ብቻ ነበር። ደሜ ግን ልክ እንደዚያን ጊዜው ፈላ። ስሜ ትዕግስት ነው፤ አትሳቁብኝ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ጄኔቭ፣ ለ ሊኞን የሚባል ሰፈር ነበር። እዚያ ያደገ ያውቀዋል፤ ሕንፃው አንድ ሆኖ ሳለ ከጫፍ እስከ ጫፉ ለመሄድ ቦርሳ የተሸከመ ልጅ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ከሥሩ ሮን ወንዝ ይወርዳል። ሊፍት ውስጥ ዓይናችንን ጨፍነን የየፎቁን እራት በሽታው መለየት ጨዋታችን ነበር። አራተኛ ፎቅ የፖርቱጋሎቹ ዓሣ፣ ሰባተኛ ፎቅ የእኛ ቤት የሽንኩርት ቁሌት፣ ከእኛ ፊት ለፊት ካለው በር ደግሞ ከሙንና የነጠረ ቅቤ። ያ የማንፕሪት ቤት ነው። ቤተሰቧ ከፑንጃብ የመጡ የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው፤ አያቷን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቢጂ እያለ ይጠራቸው ነበር። እኔና ማንፕሪት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጥነው። ኮሪደሩ ላይ ላስቲክ ስንዘል ከታች ያለችው ሴትዮ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ትደበድብብን ነበር።

እናቴ ፓኪ በሚሉት ሰፈር ካሉት ርካሽ ሆቴሎች በአንዱ አልጋ ታነጥፍ ነበር። ስድስቱን ቀን ስሟን የሚጠራት የለም፤ እሑድ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ ግን እትዬ አስካለ ትሆናለች፤ ሰው ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳታል። እሑድን የምወደው አንድም ለዚህ ነበር። ማኅበራችን የራሱ ቤተ ክርስቲያን ስላልነበረው፣ ስዊሶቹ ጠዋት የሚጸልዩበትን እኛ ከሰዓት በኋላ እንከራየው ነበር። እኔ ከሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን አንዷ ነበርኩ። ድምፄ ጥሩ ነበር፤ አሁን ስለማልዘምር ያለ ኀፍረት ልናገረው እችላለሁ።

አሥራ ሁለት ዓመት በሞላኝ ዓመት ለገና ጉባኤ መሪ አደረጉኝ። እኔ እመራለሁ፣ አሥራ ሰባት ልጅ ይቀበለኛል። ከመስከረም ጀምሮ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ሊፍት ውስጥ፣ ትምህርት ቤት በረፍት ሰዓት ሳይቀር አጠናሁ። ማንፕሪት አንድም ቃል ሳይገባት መዝሙሩን ከነዜማው በቃሏ ያዘችው። ቢጂ ከበራቸው ወዲያ ሆነው ያጨበጭቡልኝ ነበር። እናቴ ለዚያ ቀን ብላ ይህን ነጠላ ከሽሮ ሜዳ አስመጣችልኝ፤ ሌሊት ሌሊት እየተነሣሁ እዳስሰው ነበር።

የበዓሉ እሑድ ጠዋት ደም አየሁ። የመጀመሪያዬ ነው። የትምህርት ቤታችን ነርስ በሥዕል አስረድታን ስለነበር አልደነገጥኩም፤ እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ። ለእናቴ ስነግራት ግንባሬን ሳመችኝ። "ትልቅ ሰው ሆንሽልኝ" አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ከዚያ ቀኑ ትዝ አላት መሰለኝ ፊቷ ተለወጠ። ቁም ሳጥኑን ከፍታ ወፍራሙን ካፖርቴን አወጣች።

"በይ ካፖርትሽን ደርቢ፤ ውጪ ይበርዳል።"

"ውጪ ምን አለ?"

"ግዳጅ ላይ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ከደጅ ሆነሽ ትሰሚያለሽ።"

"መዝሙሩስ? እኔ እኮ ነኝ መሪዋ! ደግሞ ማን ያውቃል፣ እማዬ? ማንም አያውቅም።"

"እግዚአብሔር ያውቃል" አለችኝ።

ዛሬ ቢሆን፣ ያንን ካወቀ ብርዱንም ያውቃል እላት ነበር። ያኔ ግን ነጠላዬን ከካፖርቴ ሥር ለብሼ ተከተልኳት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ ካልተናገርኩት ያንቀኛል። አገር ቤት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አለው። ዛፍ አለ፣ ጥላ አለ፣ ድንጋይም ቢሆን መቀመጫ አለ። ያልገባ ሰው ዛፍ ሥር ሆኖ ቅዳሴውን ይሰማል። በልቶ የመጣ አለ፣ ያረፈደ አለ፣ ሕፃን ያቀፈች አለች፤ ማን በምን ምክንያት ውጪ እንደቆመ የሚጠይቅ የለም። እናቴ ያደገችበት ደጅ ይህ ነው። ወደ ስዊስ ስንመጣ ሕጉን በሻንጣ ይዘን መጣን፤ ቅጥሩን እዚያው ትተነው። የተከራየነው ቤተ ክርስቲያን በሩ የሚከፈተው አስፋልት ላይ ነው። ደጁ ማለት የአውቶቡስ ፌርማታው ነበር።

እዚያ ቆምኩ። ቢዝ የሚሉት የጄኔቭ ንፋስ ከሐይቁ ተነሥቶ ጆሮዬን ይልጠኛል። አዋቂዎቹ ሴቶች እንዲህ በሆኑ ቀን ብልሃቱን ያውቁታል፤ እቤታቸው ይቀራሉ። ስለዚህ ብቻዬን ነበርኩ። ከበሮ የሚመታው ልጅ ሲያልፍ "ምነው አትገቢም?" አለኝ፤ እናቱ ጎትታ የሆነ ነገር በጆሮው ነገረችው፤ ልጁ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ አንድ ጊዜ አየት አድርጎኝ ዓይኑን ይሰብራል። ገመናዬን በማይክራፎን ቢያስነግሩት ይሻለኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ቄሱ መጡ። እንደ ልማዳቸው ፈገግ ብለው መስቀላቸውን ዘረጉልኝ። እናቴ እንዳስጠናችኝ ወደ ኋላ ሸሸሁ። እጃቸው አየር ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ "ይባርክሽ" ብለው ገቡ። በሩም ተዘጋ።

መዝሙሬን ከአስፋልት ላይ ሰማሁት። የመራችው ሌላ ልጅ ናት፤ ከፍ አድርጋ ጀምራው ሦስተኛው ስንኝ ላይ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። እኔ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ በትክክለኛው ድምፅ አብሬ ዘመርኩ። በየአሥር ደቂቃው አውቶቡስ ይመጣል። ሾፌሩ ተሳፋሪ መስዬው በሩን ይከፍትልኛል፣ ይጠብቀኛል፣ ስቀርበት ዘግቶ ይሄዳል። ያን ቀን በር የተከፈተልኝ የአውቶቡስ ብቻ ነው። በሳምንቱ ደግሞ ትምህርት ቤታችን ለኦርጋን ኮንሰርት እዚያው ቤተ ክርስቲያን ወስዶን ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ያው ቤት ነው። ማንም ማንንም አልጠየቀም።

ማታ ማታ ሳለቅስ እናቴ "ዝም አይነቅዝም" ትለኝ ነበር። ከእናቷ የሰማችው አባባል ነው። ውሸት ነው። ዝምታ ይነቅዛል፤ እኔ ውስጥ ሲነቅዝ ይሰማኝ ነበር።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ የማንፕሪት ቤተሰብ ለጸደይ በዓላቸው ዙሪክ አጠገብ ወዳለው ጉርድዋራ፣ ወደ ጸሎት ቤታቸው ማለት ነው፣ ሊሄዱ ተነሡ። ማንፕሪት በዚያ ቀን በጉባኤው ፊት ከቅዱስ መጽሐፋቸው ታነባለች። ክረምቱን ሙሉ ቢጂ ሲያስጠኗት እሰማ ነበር፤ መዝሙሬን እንደያዘችልኝ እኔም የእሷን ንባብ ግማሹን ይዤዋለሁ። "ካልመጣሽ አኮርፋለሁ" አለችኝ። ለእናቴ የአጎቷ ልጅ ልደት ነው ብዬ ዋሸሁ። እዚያ ራስ መሸፈን ግድ ስለሆነ ነጠላዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ባቡሩ በርንን እንዳለፈ መጸዳጃ ቤት ገባሁና አየሁት። መጥቷል። ተመልሼ ተቀመጥኩና ለማንፕሪት በሹክሹክታ ነገርኳት። "ሞዋ ኦሲ" አለችኝ፣ እኔም እንደዚያው ነኝ ማለቷ ነው፤ ከቦርሳዋ ሞዴስ አውጥታ ሰጠችኝና ብስኩቷን መብላት ቀጠለች። የምትሄደው እኮ በጉባኤ ፊት ልታነብ ነው። እኔ የማስበው አሁን ለቢጂ ትነግራቸዋለች፣ አሁን ያስቀሯታል እያልኩ ነው። አልነገረቻቸውም። የሚነገር ነገርም አልመሰላትም።

እንደደረስን ሁሉም ጫማውን አውልቆ፣ እጁን ታጥቦ፣ ራሱን ሸፍኖ ወደ ውስጥ ሲገባ እኔ ጫማ መደርደሪያው አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ቦታዬን አውቃለሁ። ትንሽ ቆይተው ቢጂ ማንፕሪትን አስከትለው ተመለሱ። እሳቸው በፑንጃብኛ ይላሉ፣ ማንፕሪት በፈረንሳይኛ ታቀብለኛለች።

"ታመምሽ?"

"አልታመምኩም። የወር አበባዬ መጥቷል። እዚህ ሆኜ ጫማ እጠብቃለሁ።"

ቢጂ መጀመሪያ የትርጉም ስሕተት መሰላቸው፤ ማንፕሪትን መልሰው ጠየቋት። ከዚያ ክንዴን ያዙኝ።

"ጫማ ራሱን ይጠብቃል። ተነሺ፣ ምሳ የሚያቀርብ ሰው ጎድሎናል።"

"እግዚአብሔር አይቆጣም?"

"ደሙን የሠራው ማን ሆነና ነው የሚቆጣው? ይሄንን ጉሩ ድሮ ጨርሰውልናል" አሉኝ፣ የሃይማኖታቸውን መምህር ማለታቸው ነው።

ወጥ ቤቱ ለመጣ ሁሉ፣ የማንም ሃይማኖት ይሁን፣ ምሳ በነፃ የሚወጣበት ነው፤ ላንጋር ይሉታል። ምስር ወጥ በባልዲ፣ ቂጣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ጭልፋ አስያዙኝ። የማንፕሪት አክስት እየሰማች ስለነበር ከንፈሯን ጣል አድርጋ፣ በእኛ መንደር እንኳ እንዲህ ያለች ሴት ወጥ ቤት አትደርስም አለች። ቢጂ ቀና ሳይሉ "መንደርሽ ነው ያለው፤ ጉሩ አላሉም" ብለው ሽንኩርታቸውን መክተፍ ቀጠሉ። እኔ መሬት ላይ ለተደረደሩት ሰዎች ምስር ጨለፍኩ። አንድ ሽማግሌ ሳህናቸውን ዘርግተው "ጨምሪልኝ፣ ልጄ" ሲሉኝ እጄ አመለጠኝና ቢጫው ወጥ የነጠላዬ ጫፍ ላይ ፈሰሰ። ማንም አልጮኸብኝም።

ከዚያ ወደ አዳራሹ ገባን። ሴቱ በአንድ በኩል ወንዱ በሌላ በኩል ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። መጽሐፉ ከፍ ባለ ቦታ ድባብ ሥር ተዘርግቷል፤ አንዱ ሰው እንደ አገር ቤት ሽማግሌ ነጭ ጭራ ይዞ በላዩ ያወዛውዛል። ማንፕሪት ከመጽሐፉ ኋላ ተቀመጠች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በሁለተኛ ቀኗ ላይ ናት። አነበበች። ድምፅዋ መጀመሪያ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጸና። ሦስት መቶ የሚሆን ሰው፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ወንድ ሁሉ፣ ጸጥ ብሎ ሰማት። ጣሪያው አልወረደም። በመጨረሻ ትኩስ ጣፋጭ ገንፎ እየዞረ በየሰው እጅ ሲታደል እኔም ሁለት እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ።

ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። ተናደድኩ። እንባዬን ከገንፎው ጋር ዋጥኩት። እስከዚያች ቀን ድረስ ፌርማታው ላይ መቆሜ እንደ ቢዝ ንፋስ ከላይ የመጣ፣ ማንም ምንም የማያደርገው ነገር ይመስለኝ ነበር። እዚያ ተቀምጬ ሳይ ግን ለካ ሰው ቁጭ ብሎ ወስኖ የሚያደርገው ነገር ነው። ለማንፕሪት እንዲህ ወስነዋል፣ ለእኔ እንዲያ ወስነዋል። ሃይማኖቷ አላማረኝም፤ የእኔው ነበር ያማረኝ፣ ከውስጥ ሆኜ።

እናቴ ነጠላውን ልታጥብ ስታወጣ እርዱን አየችው። ልደት ላይ ምስር ማን ያቀርባል? አውጣጣችኝ። እውነቱን ነገርኳት፣ ግዳጅ ላይ እንደነበርኩም ጭምር።

"የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን ልትጥዪ ነው?" አለችኝ። "ደግሞ እንዲህ ሆነሽ፣ በሰው ቤተ እምነት!"

"እነሱ ጫማ ጠብቂ እንኳ አላሉኝም" አልኳት። "አንቺ ግን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አቆምሽኝ። እናቴ ሆነሽ!"

ትመታኛለች ብዬ ነበር። አልመታችኝም። ነጠላውን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። ውኃው ሲወርድ፣ ጨርቁ ሲታሽ እስከ እራት ሰዓት ድረስ ሰማሁ። ስትወጣ ጣቶቿ ተልጠው ነበር። ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላወራንም። እኔም ወደ መዘምራኑ አልተመለስኩም። ድምፄን ሊፍት ውስጥ እንኳ አላወጣሁትም። ሲጠይቁኝ ጎረነነ እላለሁ፤ አልጎረነነም፣ ተቀየመ።

ማንፕሪት ዛሬ ሎዛን ነርስ ናት። ስንደዋወል ብዙ ጊዜ ይህን አነሣባታለሁ፤ እሷም ትስቅብኛለች። "የእኛንም ገነት አታድርጊው" ትለኛለች። መጽሐፉ አንድ ነገር ይላል፣ ኮሚቴው ውስጥ የተቀመጡት ወንዶች ሌላ ይላሉ፤ ታላላቆቹ የጸሎት ቤቶች ውስጥ ዝማሬውን ለሴት የሚለቅ እስካሁን ጥቂት ነው፤ እንደ አክስቷ ያሉም አልጠፉም። "ግን እንጮሃለን" ትላለች። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባል የለ? እኛ ቤት የጮኸ አልነበረም።

አሁን የምኖረው ዙሪክ አጠገብ፣ ዲቤንዶርፍ ነው። ልጄ ሩት አሥራ ሁለት ሞላት። ድምፅዋን ከየት እንዳመጣችው አልናገርም። ዘንድሮ ለገና ጉባኤ መሪ አደረጓት፤ እናቴም የልጅ ልጇን ልትሰማ ከጄኔቭ በባቡር መጣች። እንግዲህ ሳይደግስ አይጣላም ይላሉ፤ ለእኔ ግን ያንኑ ድግስ ነው መልሶ ያመጣልኝ። በበዓሉ ጠዋት ሩት ከመታጠቢያ ቤት ወጥታ በጆሮዬ ነገረችኝ። እናቴ ሻይዋን እንደያዘች ሰማች። ከሃያ ዓመት በላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ከአፌ የወጣው ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣

"በይ ካፖርትሽን ደርቢ፤ ውጪ ይበርዳል" የሚል ነው።

እናቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ሩት አንዴ እኔን አንዴ አያቷን ታያለች። ደንቡን ከጓደኞቿ ሰምታዋለች።

"ማሚ፣ ዋሩም? ለምንድነው ውጪ የምሆነው? እኔ ክራንክ አይደለሁም እኮ፣ ምንም አላመመኝም።"

"ለመንገዱ ነው" አልኳት። "እዚያ ስንደርስ ታወልቂዋለሽ። ትገቢያለሽ፣ ትዘምሪያለሽ።" ከዚያ ያንን ነጠላ አለበስኳት። እናቴ እጇን ልካ እርድ የነካውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጠፈችው። እኔ መልሼ ወደ ውጭ ገለበጥኩት። በባቡር፣ ከዚያም በትራም ሄድን።

እዚህም ቤተ ክርስቲያኑ የኪራይ ነው፤ እዚህም ቅጥር የለም፤ በሩ ፊት ለፊት የትራም ፌርማታ ነው። ሩት ካፖርቷን አውልቃ ለእኔ ሰጥታኝ ሮጣ ገባች። እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

"ግቢ እንጂ፣ እማዬ፣ ይበርዳል።"

"ግቡ እናንተ። እኔ የሷን ፈንታ እቆማለሁ።"

"ማን ቁሚ አለሽ? ስድሳ ስምንት ዓመትሽ ነው!"

"አንድ ሰው መቆም አለበት፣ ልጄ" አለችኝና በዚያ በማይታዘዝ ጉልበቷ እያነከሰች ወደ ፌርማታው ሄደች።

ገባሁ፣ ግን መቀመጥ አቃተኝ። በበሩ መስተዋት አያታለሁ። ትራም ይመጣል፣ በሩን ይከፍትላታል፣ ጠብቆ ዘግቶ ይሄዳል። ያቺን የመሰለች ሴት፣ የወር አበባዋ ከቆመ አሥራ ምናምን ዓመት የሆናት ሴት፣ የልጅ ልጇን ዕዳ በብርድ ትከፍላለች። ዕዳው ምንድነው? ለማን ነው? ከበሮው ሲጀምር ተነሣሁ። የጃንጥላ ማስቀመጫውን ጎትቼ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩና ደግፌው ወጣሁ።

"ያን ቀን ለምን የእኔን ፈንታ አልቆምሽም?" አልኳት። ጮኼ ነበር፤ ሰዎች ዞረው አዩን።

እናቴ ሐዲዱን ነበር የምታየው። "ፈራሁ" አለች። "ሰው ምን ይለኛል አልኩ። አንቺስ ከውጭም ቢሆን ሰምተሽዋል። እኔ ውስጥ ተቀምጬ አንዲት ቃል አልሰማሁም።"

ይቅር አልኩሽ አላልኳትም። አሁንም አላልኳትም። የሩትን ካፖርት ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጌላት አጠገቧ ቆምኩ። የሩት ድምፅ በተከፈተው በር ወጥቶ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ፌርማታው ድረስ መጣ። ከፍ አላደረገችውም፤ ልክ ነበር። እናቴ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ለካ መዝሙሩን ሁሉ ታውቀዋለች።

አንድ ሰውዬ ከውስጥ ወጣ ብሎ የጃንጥላ ማስቀመጫውን መጎተት ጀመረ። "ተወው!" አልኩት ከወዲያ ማዶ።

"ብርድ ይገባል እኮ፣ እህቴ።"

"ይግባ" አልኩት።